ያልተሸጠው ኮሚክ በማን ሒሳብ ይወራረዳል?

የአሜሪካ ኮሚክ ሱቆች አቅም ሲዳከም ደንበኛው ምን ያጣል?

በአሜሪካ ከተሞች ረቡዕ የኮሚክ ገበያ ቀን ነው። በየሳምንቱ አዲስ የሚወጡት መጽሔቶች በአብዛኛው በዚህ ቀን መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። ደንበኛውም ወደ ሰፈሩ ሱቅ ጎራ ብሎ ባለፈው ወር የጀመረውን ታሪክ ቀጣይ ክፍል ይገዛል። ሁልጊዜ ግን የፈለገውን አያገኝም። መጽሔቱ ታትሟል፤ እርሱ ወደሚገዛበት ሱቅ ግን አልመጣም። ወይም አምስት ቅጂ መጥቶ አምስቱም በማለዳ አልቋል። ባለሱቁ ለምን ጨምሮ እንደማያዝ ቢጠየቅ ምክንያቱ አንድ ነው። የቀረውን የሚመልስለት የለም።

የዘርፉ አሠራር በሙሉ በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል። ደንበኛው ምን እንደሚያነብ የሚወስነው የራሱ ምርጫ ወይም የደራሲው ችሎታ ብቻ አይደለም። የባለሱቁ የገንዘብ አቅምም ይወስነዋል። ሱቁ ሲጠነክር የደንበኛው ምርጫ ይሰፋል፤ ሱቁ ሲዳከም ይጠባል፤ ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ከገበያው ይወጣል። ጉዳዩ የሥዕል መጽሔት ቢሆንም ዕቃ በቅድሚያ ገዝቶ ገዢ ለሚጠብቅ ማንኛውም ነጋዴ ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኪዮስክ ወደ ሱቅ

ኮሚክ በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ንግግር ታሪክ የሚነገርበት ስስ መጽሔት ነው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ1938 ሲወጣ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ኮሚክ ይሸጥ የነበረው ከጋዜጣና ከሌሎች መጽሔቶች ጋር በየኪዮስኩ፣ በየመድኃኒት ቤቱና በየሸቀጣ ሸቀጥ መደብሩ ነበር።

ሽያጩም በተመላሽ ነበር። ቸርቻሪው የተላከለትን ይደረድራል፤ ያልተሸጠው ተመላሽ ይሆንና ሒሳቡ ይቀነስለታል። ብዙ ጊዜም ሙሉው መጽሔት መመለስ ሳያስፈልግ ሽፋኑ ተገንጥሎ ለማስረጃ ይቀርብ ነበር። በመሆኑም የኪሳራው ሥጋት ያረፈው በአሳታሚው ላይ ነበር። አሳታሚው የሚሸጠውን ለማወቅ ከሚሸጠው እጅግ አብልጦ ማተም ነበረበት። ኪዮስኩ በበኩሉ ከአንድ ቅጂ የሚያገኘው ሳንቲም ስለሆነ የትኛው ቁጥር እንደመጣና የትኛው እንደቀረ ግድ አልነበረውም። ደንበኛው መጽሔቱን በርካሽ ያገኛል፤ የሚከታተለው ታሪክ በሚቀጥለው ወር ስለመምጣቱ ግን ዋስትና አልነበረውም።

ይህን አሠራር የለወጠው ፊል ሱሊንግ የተባለ የኒውዮርክ ብሩክሊን ነዋሪ ነው። ሱሊንግ መምህርና የኮሚክ አውደ ርዕይ አዘጋጅ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአሳታሚዎቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በመካከል ያሉት የጋዜጣ አከፋፋዮች ቀርተው መጽሔቱን በቀጥታ ለእርሱ ከፍ ባለ ቅናሽ ይሽጡለት፤ እርሱም ያልተሸጠውን ላይመልስ። አሳታሚዎቹ ተስማሙ። «ቀጥተኛ ገበያ» የሚባለው የኮሚክ ሱቆች የግዢ ሥርዓት የተመሠረተው በዚህ ውል ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሁሉም ወገን ተጠቀመ። አሳታሚው በትዕዛዙ ልክ ማተም ቻለ። ባለሱቁ በረከሰ ዋጋ ገዛ። ደንበኛውም ዕቃውን የሚያውቅ ሻጭ፣ ያልተጨማደደ ቅጂና ያለፉትን ቁጥሮች የሚፈልግበት ቦታ አገኘ። በ1981 ማርቭል «ዳዝለር» የተባለውን መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ለኮሚክ ሱቆች ብቻ ሲያቀርብ ከ400 ሺህ በላይ ቅጂ ታዞለታል። አዲሱ ገበያ በራሱ እግር መቆም እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው።

የአንድ ቅጂ ሒሳብ

የውሉ ክብደት የሚታየው በቁጥር ሲሰላ ነው። ለምሳሌ የአንድ መጽሔት የሽፋን ዋጋ 4 ዶላር፣ ሱቁ የሚገዛበት ዋጋ ደግሞ ግማሹ፣ ማለትም 2 ዶላር ነው እንበል። ባለሱቁ 20 ቅጂ ቢያዝ 40 ዶላር ይከፍላል። ሃያውም ቢሸጡ 80 ዶላር ይገባል፤ ያልተጣራ ትርፉ 40 ዶላር ይሆናል። 15 ቢሸጡ ትርፉ ወደ 20 ዶላር ይወርዳል። 10 ብቻ ቢሸጡ ያወጣውን መልሶ ያገኛል፤ ትርፍ የለም። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የሠራተኛ ደመወዝና የማጓጓዣ ሒሳብ ገና አልተቀነሰም።

ስሌቱን ባጭሩ ለማስቀመጥ፣ ያልተሸጠ አንድ ቅጂ የተሸጠ አንድ ቅጂ ያስገኘውን ትርፍ ይበላል። ያው ዕቃ በዚያው ዋጋ በተመላሽ ቢሰጥ ኖሮ 15 ቅጂ የሸጠው ባለሱቅ 30 ዶላር ያተርፍ ነበር። የ10 ዶላሩ ልዩነት መመለስ ላልቻሉት አምስት ቅጂዎች የተከፈለ ነው። መርካቶ ውስጥ ዕቃ አንሥቶ ሲሸጥ በሚከፍልና ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ በሚያነሣ ቸርቻሪ መካከል ያለው ልዩነት ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ችግሩን የሚያባብሰው የትዕዛዙ ጊዜ ነው። ባለሱቁ የሚያዘው መጽሔቱ ከመውጣቱ ሁለት ወር ገደማ አስቀድሞ፣ የዕቃ ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ነው። የትዕዛዙ መጠን የሚስተካከልበት የመጨረሻ ቀን ቢኖርም እርሱም ቢሆን ከሽያጩ ሳምንታት በፊት ነው። በመሆኑም አዲስ ታሪክ ሲጀመር የመጀመሪያው ቁጥር ገበያ ላይ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሁለተኛው፣ አንዳንዴም የሦስተኛው ቁጥር ትዕዛዝ መላክ አለበት። ባለሱቁ ደንበኞቹ ያላዩትን ዕቃ በደንበኞቹ ፋንታ ሆኖ ይገዛል ማለት ነው።

ጥሬ ገንዘብ ያለው ባለሱቅ አንድ ሁለቱን በሙከራ መልክ ሊያዝ ይችላል። ገንዘብ የቸገረው ግን የታወቀውን ብቻ ያዛል። ደንበኛው የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ምርጫው ይጠባል። ባትማን፣ ስፓይደርማንና ኤክስ ሜን ስማቸው የተተከለ ስለሆነ ቦታ አያጡም። ስሙ ያልታወቀ ደራሲ ወይም ትንሽ አሳታሚ ያወጣው ሥራ ግን መደርደሪያው ላይ ሳይታይ ይቀራል። ደንበኛው መጽሔቱን አይቶ ሳይፈልገው የቀረ ይመስላል እንጂ ጭራሹን አላየውም።

ሁለተኛ፣ ሥጋቱ ወደ ደንበኛው ይሸጋገራል። ሱቆቹ መደበኛ ደንበኞቻቸው የሚፈልጉትን መጽሔት በየስማቸው እንዲያስመዘግቡ ያደርጋሉ፤ በዚያም ልክ አዝዘው ያስቀምጡላቸዋል። መልካም አሠራር ነው። ይሁንና ደንበኛውም ሳያየው የሚገዛ ሆነ ማለት ነው። አስመዝግቦ ሳይመጣ የሚቀረው ደንበኛ ደግሞ በባለሱቁ እጅ የሚጥለው ዕቃ አይመለስም። ይህ ሲደጋገም ባለሱቁ ለሌላውም ደንበኛ እጁን ይሰበስባል።

ሦስተኛ፣ የታሪኩ ዕድሜ ያጥራል። አሳታሚው የሚያየው የሱቆችን ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዙ ካነሰ መጽሔቱ ይቋረጣል። ጥቂት ቁጥሮች ወጥተው ወሬው ሲሰማ እገዛለሁ ብሎ የሚጠብቀው አንባቢ በሒሳቡ ውስጥ የለም። እርሱ ለመግዛት ሲነሣ ታሪኩ ቆሞ ያገኘዋል።

ሞኝና ወረቀት

የሱቆቹ ይዞታ ደንበኛውን እንዴት እንደሚጎዳ በግልጽ የታየው በ1990ዎቹ ነው። ቀደም ሲል አሮጌ ኮሚኮች በከፍተኛ ዋጋ መሸጣቸው በየጋዜጣው ይወጣ ስለነበር ብዙ ሰው ለንባብ ሳይሆን አስቀምጦ ለማትረፍ ይገዛ ጀመር። አሳታሚዎቹም ለእነዚሁ ገዢዎች የሚስማማ ዕቃ አቀረቡ። አንዱ ቁጥር በተለያየ ሽፋን ይወጣል፤ ሽፋኑ ያብረቀርቃል፤ መጽሔቱ በፕላስቲክ ይታሸጋል።

በ1991 የወጣው የማርቭል «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ተሰራጭቶ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። በኅዳር 1992 የሱፐርማን ሞት የተተረከበት ቁጥር 75 በጥቁር ከረጢት ታሽጎ ሲወጣ በየሱቁ በር ሰልፍ ተይዞ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው በዚህ ገበያ ተሸጠ የሚባለው ሱቆቹ የገዙት መሆኑ ነው። ከ8 ሚሊዮኑ ውስጥ ወደ አንባቢ ቤት ያልደረሰው ብዙ ነው። በየሱቁ ጓዳ በካርቶን የቀረው ለአሳታሚው ሽያጭ፣ ለባለሱቁ ግን የታሰረ ካፒታል ነበር።

የገዢዎቹ ስሕተት ቀላል የአቅርቦት ስሕተት ነው። «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 አንድ ቅጂ በ2014 ከ3.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ሌላ ቅጂ በ2024 6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ዋጋው የተሰቀለው በ1938 የገዙት ልጆች አንብበው ስለጣሉት፣ ብዙውም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሮጌ ወረቀት ስለተሰበሰበ ነው። የቀረው ጥቂት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በፕላስቲክ ጠቅልሎ በጥንቃቄ ያኖረው መጽሔት ግን ከቶ ብርቅ ሊሆን አይችልም። የ1991ዱ «ኤክስ ሜን» ዛሬም በጥቂት ዶላር ይገኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ተገናኙ።

በ1993 ለትርፍ ይገዙ የነበሩት ሲሸሹ ሱቆቹ አስቀድመው ያዘዙት ዕቃ መምጣቱን ቀጠለ። ሁለት ወር ቀድሞ የተፈረመበትን ትዕዛዝ መሰረዝ፣ የመጣውንም መመለስ አይቻልም። በዘርፉ ዘወትር በሚጠቀሰው ግምት በገበያው ጣሪያ ላይ 10 ሺህ ያህል ሱቆች ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከግማሽ በላዩ ተዘጋ።

ይህ የነጋዴዎች ኪሳራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ለዓመታት በየሳምንቱ እየሄደ ያነብ የነበረው ተራ ደንበኛ በዋጋ ጨዋታው ውስጥ አልነበረበትም። ነገር ግን የሰፈሩ ሱቅ ሲዘጋ የሚሄድበት አጣ። ኪዮስኮቹ ቀድሞውንም ኮሚክ መሸጥ እየተዉ ስለነበር ትንሽ ከተማ ላይ የሚኖር አንባቢ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ አልነበረውም። ሱቁ ከሰረ ሲባል ገበያው ያጣው ሱቁን ብቻ ሳይሆን አንባቢዎቹንም ነው።

አከፋፋዩ አንድ ሲሆን

ሱቆቹ በዚህ ሁኔታ ላይ እያሉ ሌላ ውዝግብ ከላይ መጣ። ማርቭል በታኅሣሥ 1994 ሂሮዝ ወርልድ የተባለውን አከፋፋይ ገዝቶ በ1995 አጋማሽ መጽሔቶቹን በእርሱ በኩል ብቻ መሸጥ ጀመረ። ዋናው ተፎካካሪው ዲሲ በበኩሉ ዳይመንድ ከተባለው አከፋፋይ ጋር ለብቻ ተዋዋለ።

በዚህ ገበያ ቅናሽ የሚሰጠው በትዕዛዝ መጠን ነው። ቀድሞ ሁሉንም ከአንድ ቤት ያዝ የነበረ ባለሱቅ ትዕዛዙ ለሁለት ለሦስት ሲከፈል ቅናሹ አነሰ፤ የማጓጓዣ ሒሳቡ ግን ተደራረበ። ያልጠነከሩት አከፋፋዮችም ወደቁ። በ1996 ካፒታል ሲቲ የተባለው ትልቅ አከፋፋይ በዳይመንድ ተገዛ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ማርቭል ራሱ የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ። በ1997 ሂሮዝ ወርልድ ተዘግቶ ማርቭልም ወደ ዳይመንድ ገባ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ከዚያም በላይ የኮሚክ ሱቆች ዋና ዕቃ የሚመጣው ከአንድ ቤት ሆነ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጉዳዩን ቢመረምርም በ2000 ያለ ክስ ዘግቶታል።

አንድ አከፋፋይ መኖሩ ለባለሱቁ አንድ ደረሰኝና አንድ ጭነት ስለሆነ በደህና ቀን ምቾት አለው። ጉዳቱ የሚታየው አንዱ ቤት ሲቆም ነው። በመጋቢት 2020 መጨረሻ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዳይመንድ አዲስ ዕቃ መላክ ሲያቆም የሰባት ሳምንት ያህል ክፍተት ተፈጠረ። በራቸው ክፍት የነበሩት ሱቆች እንኳ የሚሸጡት አዲስ መጽሔት አልነበራቸውም። ዲሲ በዚያው ዓመት ሰኔ ዳይመንድን ለቆ ወደ አዳዲስ አከፋፋዮች ሄደ። ማርቭል ከጥቅምት 2021 ጀምሮ በፔንግዊን ራንደም ሃውስ በኩል ማከፋፈል ጀመረ። ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉ። ዳይመንድ በጥር 2025 የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠይቆ ንብረቱ ተከፋፍሎ ተሸጠ።

በዚህ ጊዜ አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ትናንሽ አሳታሚዎች ሲሸጥ እንዲከፈላቸው ብለው በዳይመንድ መጋዘን ያስቀመጡት ዕቃ የባለቤቶቹ ነው ወይስ የአበዳሪዎች ዕዳ መክፈያ? ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በአደራ የተቀመጠ ዕቃ ውሉና ምዝገባው ካልጠነከረ አደራ ተቀባዩ በከሰረ ጊዜ ምን እንደሚገጥመው ለማንኛውም ነጋዴ የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ ነው። የእነዚህን አሳታሚዎች መጽሔት የሚጠብቀው ደንበኛ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ ክርክር ውጭ ሆኖ ዕቃው ዘገየበት።

ፍላጎቱ የት ሄደ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሜሪካዊው አንባቢ ኮሚክ ጠላ ማለት አይደለም። በ2021 በአሜሪካና በካናዳ የተሸጠው ኮሚክ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ በገበያው አጥኚዎች ተገምቷል። የሚበልጠው ድርሻ የተሸጠው ግን በኮሚክ ሱቆች ሳይሆን በመጻሕፍት መደብሮች በኩል ነው። በተለይ ማንጋ የሚባሉት የጃፓን ኮሚኮችና ለልጆች የሚዘጋጁት የሥዕል መጻሕፍት ገበያቸውን ያገኙት በዚያ ነው።

ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም አንዱ የንግድ ምክንያት መታለፍ የለበትም። የመጻሕፍት መደብር ያልተሸጠውን ለአሳታሚው ይመልሳል። ስለዚህ ያልታወቀውን ዕቃ ደርድሮ ለመሞከር ይደፍራል። ኮሚክ ሱቅ ገብተው የማያውቁ ልጆችና ሴቶች መጽሐፉን ያዩት በዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። ፍላጎቱ ያልተሸጠው ዕቃ ተመላሽ ወደሚሆንበት ቦታ ተሻገረ ማለት ይቻላል።

የመጻሕፍት መደብሩ ግን ሱቁን ሙሉ በሙሉ አይተካም። በየወሩ የሚወጣውን ስስ መጽሔት አይዝም፤ ያለፉትን ቁጥሮች አያስቀምጥም፤ የደንበኛውን ምርጫ በስም የሚያውቅ ሻጭ የለውም። በኤሌክትሮኒክስ ማንበቡም የራሱ ሥጋት አለው። በ2007 የተቋቋመውን ኮሚክሶሎጂ የተባለ ድርጅት አማዞን በ2014 ገዛው። በ2022 ከራሱ የመጻሕፍት አገልግሎት ጋር ቀላቀለው፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ የማንበቢያ ፕሮግራሙን ዘጋው። በስልኩ ያነብ የነበረው ደንበኛም እንደ ባለሱቁ ሁሉ በሌላ ሰው ውሳኔ ሥር መሆኑን አየ።

አንዳንድ መፍትሔዎች ተሞክረዋል። ብዙ ሱቆች በወርኃዊ መጽሔት ብቻ ሳይወሰኑ ጥራዝ መጻሕፍት፣ አሻንጉሊትና የካርታ ጨዋታ ጨምረዋል። ከ2002 ጀምሮ በግንቦት ወር ለደንበኛ ኮሚክ በነፃ የሚታደልበት ቀን አለ። ለደንበኛው ነፃ ቢሆንም ባለሱቁ ለየቅጂው ጥቂት ይከፍላል። ዲሲ በ2016 «ሪበርዝ» በሚል አዳዲስ ተከታታዮች ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ተመላሽ አድርጎ ነበር። ሱቆችም ትዕዛዛቸውን ከፍ አደረጉ። ያልተሸጠው እንደሚመለስ ያወቀ ባለሱቅ ባይተዋር የነበረውን ዕቃ ሁሉ ለመሞከር እጁን ይዘረጋል።

ደንበኛው በበኩሉ የሚያደርገው ጥቂት ነው። የሚፈልገውን አስቀድሞ ማስመዝገብ፣ ያስመዘገበውን መጥቶ መውሰድ፣ ከተወውም በጊዜ ማሳወቅ ለሱቁ ከብድር የማያንስ ድጋፍ ነው። ይህ ግን የሥጋት ክፍፍሉን አይለውጠውም። ቅናሹ ከፍ ያለው የማይመለስ ግዢ በደህና ጊዜ ትርፍ፣ በክፉ ጊዜ ዕዳ ነው። ሥጋቱን ብቻውን የተሸከመ ቸርቻሪ የሚያቀርበው የታወቀውንና የለመደውን ብቻ ነው። አምራቹ ከሥጋቱ ጥቂቱን ሲጋራ አዲስ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ አዲስ ገዢም ያገኘዋል። ያልተሸጠው ቅጂ ዛሬ በባለሱቁ ሒሳብ ቢወራረድም ነገ የሚወራረደው በደንበኛው ምርጫ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በአሳታሚው ገበያ ላይ ነው።